«ዋንት» ሲባል ማን ምን አጣ? በድሮ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ስላለ አንድ ቀላል ግስ

ጥያቄው የመጣው ለመመረቂያ ጽሑፏ የዓድዋ ዘመን የእንግሊዝኛ ጋዜጦችን ከምታነብ ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«‹ዋንት› የሚለው ግስ ግራ አጋባኝ። አንዱ ዘገባ ‹ዲቴይልስ አር ስቲል ዋንቲንግ› ይላል። ‹ዝርዝሮቹ አሁንም እየፈለጉ ነው› ብዬ ተረጎምኩት። ግን ዝርዝር ምን ይፈልጋል? ሌላው ደግሞ የመቀሌ ምሽግ ወታደሮች ‹ኢን ዋንት ኦቭ ዋተር› ነበሩ ይላል። ይኼ ‹ውሃ ፈለጉ› ነው ወይስ ሌላ ነገር? ሦስተኛው ዘገባ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። ከዚያው ዘመን በወጣ አንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ጥግ ላይ ‹ኢንፎርሜሽን ዋንትድ ኦቭ ማይ ማዘር› የሚል አየሁ። ከርዕሴ ጋር አይገናኝም፤ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሦስቱንም እንዴት ልመልሳቸው?»

እህቴ፣ ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልስጥሽና ከዚያ ቁጭ ብለን እናውራ። በድሮ ጋዜጣ ላይ «ዋንት» መጀመሪያ ማጣት ነው። መፈለግ የመጣው ከማጣት በኋላ ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው ሁለተኛውን ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያው ሲመጣብን እንደናገራለን። አንቺም የተደናገርሽው እንግሊዝኛሽ ስለደከመ አይደለም። ዛሬ አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ልጆችም እዚያው ቦታ ላይ ይቆማሉ።

ቃሉ ወደ እንግሊዝ የገባው ከባሕር ማዶ ነው። ከዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የእንግሊዝን ሰሜንና ምሥራቅ ይዘው የተቀመጡት ስካንዲኔቪያውያን ይዘውት መጡ። በእነሱ ቋንቋ «ቫንታ» ማለት ጎደለ ማለት ነበር። «ስካይ»፣ «ኤግ»፣ «ዊንዶው»፣ «ቴክ» የሚሉት ቃላትም በዚሁ መንገድ የገቡ ናቸው። ጨረቃ ስትጎድል እንግሊዞች «ዌይን» ይላሉ። ይኼ ግስ የቆየ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ከ«ዋንት» ጋር ግን ሥጋ ዘመድ ናቸው። ስለዚህ በቃሉ ልብ ውስጥ ያለው ጉድለት ነው፤ ምኞት አይደለም። ለብዙ መቶ ዓመታት በዚህ ትርጉም ኖረ። ከዚያ ሰው የጎደለውን ነገር ስለሚሻ ትርጉሙ ቀስ እያለ ወደ መሻት አዘነበለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መሻቱ እየበረታ መጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ አንቺ በምታነቢያቸው ጋዜጦች ዘመን ማለት ነው፣ ሁለቱም ትርጉሞች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው።

የእኛን «ፈለገ» ካየሽው ደግሞ የመጣው በሌላ በር ነው። «ፈለግ» ዱካ ነው። «የአባቱን ፈለግ ተከተለ» እንላለን። የጠፋ በሬ የሚፈልግ ሰው ዱካ ያያል፣ ይከተላል፣ ያስሳል። ከዚያ «ፈለገ» መሻትም ሆነ፤ «ያስፈልጋል» ሲባል ደግሞ የግድ መሆን። አማርኛ ከዱካው ተነስቶ፣ እንግሊዝኛ ከጉድለቱ ተነስቶ አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ። ስለዚህ ዛሬ «ዋንት»ን «ፈለገ» ብለን ስንመልስ ሁለቱ መንገዶች በተገናኙበት ቦታ ላይ ቆመን ነው። ወደ ኋላ፣ ወደ 1896 እ.ኤ.አ. ስንሄድ ግን መንገዶቹ ይለያያሉ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ትርጉም የማውቀው ምርጥ ማስረጃ ቤታችን ውስጥ አለ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም» የሚለውን መዝሙር ማን ያላወቀ አለ? በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዚህ ጋ «አይ ሻል ኖት ዋንት» ይላል። በዛሬ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰው «አልፈልግም» ሊለው ይችላል። እረኛዬ ነው ግን አልፈልገውም እንደማለት ይሆንበታል። የኛ ተርጓሚዎች ማጣትን ነው የጻፉት። ግዕዙም «ወአልቦ ዘየኀጥአኒ» ይላል። የእኛ «አጣ» ከዚሁ ከግዕዙ «ኀጥአ» የወረደ ነው። «ኃጢአት»ም ከዚያው ሥር ነው። ማጣትና መሳት አንድ ቤት ያደጉ ናቸው። ከርዕሳችን ትንሽ ወጣሁ፤ ግን ይኼን ዝምድና ባየሁት ቁጥር ደስ ስለሚለኝ ሳልነግርሽ ማለፍ አልቻልኩም።

አሁን ወደ ጋዜጣው።

«ዲቴይልስ አር ስቲል ዋንቲንግ» ማለት «ዝርዝሩ ገና አልደረሰም» ማለት ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጋዜጠኛ ይኼን አባባል የወደደው በምክንያት ነው። ዜና በቴሌግራፍ የሚመጣው ተቆራርጦ ነበር። የዓድዋን ወሬ አስቢው። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተደረገ። ወሬው ከጦር ሜዳ ወደ ኤርትራ፣ ከምጽዋ ወደ ሮም፣ ከሮም ወደ ለንደን መድረስ ነበረበት። ከለንደን ደግሞ ከ1866 ጀምሮ በአትላንቲክ ሥር በሚሠራው ገመድ ወደ ኒውዮርክ ይሻገራል። የሚከፈለው በቃል ቁጥር ነው። ሽቦው በየቦታው ይጨናነቃል። የሮም መንግሥትም ያገኘውን ሁሉ ለሕዝብ አያወጣም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደርሰው «ሽንፈት ደርሷል» የሚለው ራሱ ብቻ ነው። ማን ሞተ? ማን ተማረከ? ጄኔራል ዳቦርሚዳና ጄኔራል አሪሞንዲ መሞታቸው፣ ጄኔራል አልቤርቶኔ በምኒልክ ጦር እጅ መውደቁ ቆየት ብሎ ነው የጠራው። በመካከል ያለውን ባዶ ቦታ ጋዜጠኛው በአንድ ቃል ይሞላዋል፦ «ዋንቲንግ»። «እስካሁን አልደረሰንም፤ ሲደርሰን እናወጣለን» የሚለውን ሁሉ በአንድ ቃል ጨረሰው ማለት ነው።

ለአንቺ ጥናት ይኼ ትልቅ ነገር ነው። «ዋንቲንግ» የሚለውን ቃል ያየሽበት ዘገባ ራሱ «እኔ ጎዶሎ ነኝ» እያለሽ ነው። የተጻፈበትን ቀን ያዢ። ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ የወጣውን እትም ፈልጊ። የመጀመሪያውን ዘገባ ብቻ ይዞ «የለንደን ጋዜጦች የሞቱትን ጄኔራሎች ስም ደበቁ» ብሎ የሚደመድም ሰው ይሳሳታል። አልደበቁም፤ አልደረሳቸውም። እነሱም ብለውታል።

«ኮንፈርሜሽን ኢዝ ዋንቲንግ» የሚል ካጋጠመሽ ደግሞ «ወሬው አልተረጋገጠም» ነው። «ዘ ሪተርንስ ፍሮም ስሪ ካውንቲስ አር ዋንቲንግ» በምርጫ ሰሞን በአሜሪካ ጋዜጣ ካየሽ «የሦስት አውራጃዎች ቆጠራ ገና አልገባም» በይው። ልብ በይ፤ በሦስቱም ላይ ባለቤቱ ነገር ነው፣ ተሳቢም የለም። ዝርዝር፣ ማረጋገጫ፣ የምርጫ ውጤት። ነገር ምኞት የለውም። ባለቤቱ ነገር ሆኖ «ዋንቲንግ» ብቻውን ከቆመ ያለ ጥርጥር ጉድለት ነው።

ሰው ባለቤት ሆኖ «ዋንቲንግ» ሲባልስ? «ሂ ወዝ ፋውንድ ዋንቲንግ» የሚለው ነው በብዛት የሚመጣው። ይኼ ከትንቢተ ዳንኤል ነው። «በሚዛን ተመዘንህ ቀልለህም ተገኘህ» የሚለው። ጋዜጠኞች የተሸነፈ ጄኔራል ወይም የወደቀ ሚኒስትር ላይ ይጠቀሙበት ነበር። «ቀልሎ ተገኘ» ብትይው አማርኛው ያምራል፣ ምንጩም አይጠፋም። ከዓድዋ በኋላ በቀናት ውስጥ የጣሊያኑ ጠቅላይ ሚኒስትር የክሪስፒ መንግሥት ወድቋልና በዚያ ሰሞን ርዕሰ አንቀጾች ላይ እንዲህ ዓይነት አነጋገር ካየሽ አትደነቂ።

ሁለተኛው ዐረፍተ ነገርሽ የመቀሌው ነው። «ኢን ዋንት ኦቭ ዋተር» ማለት «ውሃ አጥተው»፣ «ውሃ ተቸግረው» ነው። «ውሃ ፈለጉ» ብትይው የሆነውን ታሪክ ታሳንሺዋለሽ። በጥር ወር 1896 በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ የነበረው የሻለቃ ጋሊያኖ ጦር ውሃው የተቆረጠበት በእቴጌ ጣይቱ ምክር ነው። ምሽጉ ውሃ የሚቀዳበትን ምንጭ የእቴጌይቱ ሰዎች ያዙት። ውስጥ ያሉት በጥም ተጨነቁ። በመጨረሻም ምሽጉን ለቀው እንዲወጡ ስምምነት ተደረሰ። እንግዲህ ያ ጋዜጠኛ «ኢን ዋንት» ብሎ ሲጽፍ ሰው ውሃ አምሮት ብርጭቆ እንደሚያነሳ አልነበረም የተናገረው። ምንጩ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ነው። እንደኔ «የውሃ እጦት ጸንቶባቸው ነበር» ብለሽ ብትጽፊው የዘመኑን ድምፅ ትጠብቂያለሽ።

«እጦት» ካልን አይቀር፣ ቃሉ በስም መልክ ሲመጣ በአማርኛ ከ«እጦት» የተሻለ ጓደኛ የለውም። የድሮ የፍርድ ቤት ዜና «ዲስቻርጅድ ፎር ዋንት ኦቭ ኤቪደንስ» ይላል። «በማስረጃ እጦት ተለቀቀ» ነው። ልክ እንደ ልብስ ሰፊ ልክ ይገጥማል። የአስከሬን ምርመራ ዜና ደግሞ «ዳይድ ፍሮም ዋንት» ይላል። በቪክቶሪያ ዘመን የለንደን ጋዜጦች ላይ ይኼ በአጭር በአጭሩ፣ በአራት አምስት መስመር ይወጣ ነበር። አንዲት ልብስ ሰፊ በኪራይ ክፍሏ ውስጥ ሞታ ተገኘች፤ ዳኞቹ የሞቷን ምክንያት ወሰኑ፤ አለቀ። «በፍላጎት ሞተች» አይባልም። «በችጋር ሞተች» ነው። «ችጋር» የሚለውን ቃል ዛሬ ብዙ አንጠቀምበትም። ግን ለዚህ ቦታ እሱን የሚያክል አላገኘሁም። ረሃብ ብቻ አይደለም፤ ብርድም አለበት፣ እራፊ ልብስም አለበት፣ ሰው ማጣትም አለበት።

ይኼ ትርጉም ሩቅ ዘመን ብቻ እንዳይመስልሽ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጥር 6 ቀን 1941 ለኮንግረስ ባደረጉት ንግግር አራት ነጻነቶችን ቆጠሩ። ሦስተኛው «ፍሪደም ፍሮም ዋንት» ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የእንግሊዙ ኢኮኖሚስት ቤቨሪጅ ሕዝቡን የሚያሰቃዩ አምስት ግዙፍ ጠላቶች ብሎ ሲዘረዝር «ዋንት»ን ከበሽታ፣ ከድንቁርና፣ ከቆሻሻና ከሥራ አጥነት ጋር አሰለፈው። በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ መግቢያም ሰው ከፍርሃትና ከ«ዋንት» ነጻ ይሁን ይላል። አንድ ጊዜ አንድ ጎበዝ ተማሪ የሩዝቬልቱን «ከፍላጎት ነጻ መሆን» ብሎ መለሰልኝ። ሙሉ ክፍሉ ዝም አለ። ከፍላጎት ነጻ መሆን የመናኝ ነጻነት ነው። ሩዝቬልት የተናገሩት ግን ስለ ዳቦ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ጤና ነው። በአንዲት ቃል ምክንያት አንድ የፖለቲካ ንግግር ወደ ገዳም ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኼን ግስ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትምህርቴ አንዱ አደረግኩት።

ለአማርኛ የሚቀለውንም ልንገርሽ። በአርታኢ ደብዳቤዎች ላይ «ዘ ሮድስ ዋንት ሜንዲንግ» ዓይነት አነጋገር ይበዛል። መንገዶቹ ጥገና ያሻቸዋል። እዚህ ጋ «ይፈልጋል» ብትዪ ችግር የለውም፤ እኛም ለነገር እንለዋለን። መኪናው ዘይት ይፈልጋል፣ ቤቱ እድሳት ይፈልጋል፣ ወጡ ጨው ይፈልጋል። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። «ኢት ዋንትድ ቴን ሚኒትስ ቱ ሚድናይት» የሚል የእሳት አደጋ ዜና ብታገኚ፣ «ለእኩለ ሌሊት አሥር ደቂቃ ጉዳይ ነበር» ነው። ያኔ እንግሊዞች ሰዓትን እኛ በምናስብበት መንገድ ያስቡ ነበር፤ የጎደለውን ይቆጥሩ ነበር።

ከባዱ ሰው ባለቤት ሆኖ ተሳቢው የኑሮ ነገር ሲሆን ነው። «ዘ ፒፕል ዋንት ብሬድ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻውን ብሰጥሽ እኔም እርግጠኛ ሆኜ አልመልስልሽም። ሕዝቡ ዳቦ አጥቷል? ወይስ ዳቦ እየጠየቀ ነው? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። አንዱ የችግር ዜና ነው፣ ሌላው የአደባባይ ተቃውሞ። ስለዚህ ጎረቤቶቹን አንብቢ። ከፊትና ከኋላ ያሉት ዐረፍተ ነገሮች ስለ አዝመራ፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ምጽዋት ከሆኑ ማጣት ነው። ስለ ሰልፍ፣ ስለ ጩኸት፣ ስለ ከንቲባ ከሆኑ መጠየቅ ነው። ዓመቱም ይረዳሻል። በ1790 አካባቢ ከሆነ ወደ ማጣት አድዪ። በ1910 ከሆነ ወደ መጠየቅ።

ከግሱ በኋላ «ቱ» መጥቶ ሌላ ግስ ከተከተለ ግን አትጨነቂ። «ዋንትስ ቱ ሪዛይን» ሁልጊዜ «ሥራ መልቀቅ ይፈልጋል» ነው። በ1900 አካባቢ የአሜሪካ ጋዜጦች ላይ «ዋንትስ ዲቮርስ» ብሎ ያለ ባለቤት የሚጀምር ርዕስም እንደዚሁ ነው። ፍቺ የጎደለው ሰው የለም። በተቃራኒው፣ ከማስታወቂያና ከፖሊስ ዜና ውጭ፣ ከቃሉ ኋላ «ኦቭ» ወይም «ፎር» ካየሽ፣ ለምሳሌ «ሺ ዋንትድ ፎር ነቲንግ»፣ የጉድለት ነገር ነው፤ «ምንም አልጎደለባትም»።

እዚህ ላይ አንድ ተግባራዊ ነገር። በኮምፒውተር ከተነበቡ የድሮ ጋዜጦች ላይ ቃል ስትፈልጊ በማሽን የተገለበጠውን ጽሑፍ ብቻ አትመኚ። ቀለሙ በፈሰሰ ገጽ ላይ «ዋንት» እና «ዌንት» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ ማሽኑ ያምታታቸዋል። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «ክሮኒክሊንግ አሜሪካ» እና የአውስትራሊያው «ትሮቭ» የገጹን ፎቶ በነጻ ያሳያሉ። ፎቶውን ክፈቺ፣ አጉዪው፣ በዓይንሽ አረጋግጪ።

ወደ «ዋንትድ» ልሂድ፤ ሦስተኛው ጥያቄሽ እዚያ ነው።

ይኼ ቃል በድሮ ጋዜጣ ላይ በሁለት ቦታ ይኖራል። አንዱ የፖሊስ ዜና ነው። እዚህ አማርኛ ሳይቸገር ይከተላል፦ ይፈለጋል፣ ተፈላጊ ነው። ከፊልም ያገኘነው ምስል ግን ትንሽ ያሳስታል። በድሮ ዘመን የሚፈለግ ሰው ፎቶ ላይ ሁሌም «ዋንትድ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈ ይመስለናል። በ1865 ፕሬዚዳንት ሊንከን ሲገደሉ የጦር ሚኒስቴሩ ያሰራጨውን ወረቀት ካየሽ ጎልቶ የተጻፈው የ100,000 ዶላር «ሪዋርድ»፣ ማለትም ወሮታ፣ ነው። ገዳዩም «ገና አልተያዘም» ነው የተባለው። «ዋንትድ» በፖሊስ አፍና በጋዜጣ ዜና ቀስ እያለ ነው የነገሠው። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ የአሥሩን ዋና ተፈላጊዎች ዝርዝር የጀመረው መጋቢት 14 ቀን 1950 ነው። መነሻውም አንድ የዜና ወኪል ጋዜጠኛ በ1949 ያቀረበው ጥያቄና የጻፈው ዘገባ ነበር። ቃሉን ጋዜጣና ፖሊስ አብረው አሳደጉት ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ቦታ አነስተኛ ማስታወቂያ ነው። «ኩክ ዋንትድ» ሲል «ወጥ ሠሪ ይፈለጋል»። ቀላል ነው። «ሲቹዌሽን ዋንትድ»፣ ማለትም «ሥራ ይፈለጋል»፣ ግን ወጥመድ አለው። እዚህ ማስታወቂያውን ያወጣው ቀጣሪው አይደለም፤ ሥራ ፈላጊው ነው። አንድ ሰው ስለ ለንደን የቤት ሠራተኞች ሲያጠና ሁለቱን አምዶች ቢቀላቅል የቀጣሪዎች ቁጥርና የሥራ አጦች ቁጥር ይገለበጥበታል። በአሜሪካ እነዚህ አምዶች ለረጅም ጊዜ «ለወንድ» እና «ለሴት» ተብለው ይከፈሉ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 በአንድ የፒትስበርግ ጋዜጣ ጉዳይ ላይ ከተማዎች ይኼን መከልከል እንደሚችሉ ወሰነ።

እነዚህ ጥቃቅን መስመሮች ምን ያህል ክብደት እንዳላቸው የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። «አይሪሾች እንዳያመለክቱ» የሚል ቃል ያለባቸው የሥራ ማስታወቂያዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደነበሩ የአይሪሽ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው ሲነግሩ ኖረዋል። በ2002 አንድ የታሪክ ምሁር ይኼ በአብዛኛው ተረት ነው ብሎ ጻፈ። በ2015 አንዲት ገና ትምህርት ቤት ያለች ልጅ የድሮ ጋዜጦችን ፈትሻ ማስታወቂያዎቹን አወጣቻቸውና በታሪክ መጽሔት ላይ ታተመላት። ያገኘቻቸው አንቺ አሁን በምትቆፍሪበት ቦታ፣ በነዚሁ ደቃቅ ፊደላት ውስጥ ነው።

አሁን የቀረሽ ማስታወቂያ። «ኢንፎርሜሽን ዋንትድ ኦቭ ማይ ማዘር»።

ቃል በቃል «ስለ እናቴ መረጃ ይፈለጋል» ነው። ትክክል ነው፤ ግን ሕይወት የለውም። አማርኛ ለዚህ የራሱ ቃል አለው፤ ማንም ሳይነግርሽ ታውቂዋለሽ። «አፋልጉኝ»።

ይኼ ዓይነት ማስታወቂያ በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ትልቅ ታሪክ አለው። በቦስተን የሚታተመው «ፓይለት» የተባለ የካቶሊክ ጋዜጣ ከ1831 እስከ 1921 የአይሪሽ ስደተኞችን የጠፋ ዘመድ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። ወንድም ወንድሙን፣ ሚስት ባሏን፤ ከየትኛው አጥቢያ እንደወጣ፣ በየትኛው ወደብ እንደወረደ፣ መጨረሻ የታየው በየትኛው የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ እንደሆነ ይጻፋል። ከ1865 በኋላ ደግሞ ከባርነት የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን የተሸጡባቸውን ዘመዶች መፈለግ ጀመሩ። ያኔ በፊላደልፊያ ይታተም የነበረው፣ የኤ ኤም ኢ (የጥቁር አሜሪካውያን ሜቶዲስት) ቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ «ክርስቲያን ሪኮርደር» እንደነዚህ ያሉትን ብዙ አውጥቷል። በኒው ኦርሊንስ የነበረው «ሳውዝዌስተርን ክርስቲያን አድቮኬት» ከ1877 ጀምሮ «የጠፉ ወዳጆች» የሚል አምድ ነበረው። የጋዜጣው ደንበኛ ያልሆነ ሃምሳ ሳንቲም ይከፍላል። አዘጋጁ ቀሳውስቱ ማስታወቂያዎቹን በየአጥቢያቸው ከመድረክ እንዲያነቡ ይለምን ነበር። ማንበብ ያልቻለው እንዲሰማ ነው። ፍለጋው ከነጻነት በኋላ ሠላሳ አርባ ዓመት ቆይቷል። ስለዚህ የ1896 ጋዜጣ ላይ ማግኘትሽ አያስገርምም። ቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ማስታወቂያዎች እየሰበሰበ ለሕዝብ ከፍቷል፤ ጊዜ ሲኖርሽ እዪያቸው።

እነዚህን ሳነብ «ዋንት» የሚለው ግስ ሁለት ትርጉም አለው ማለት ይከብደኛል። ጽፎ ያስነገረው ልጅ እናቱን አጥቷል፤ የድሮው ትርጉም። እናቱን ይፈልጋል፤ አዲሱ ትርጉም። ዱካዋን እየተከተለ ነው፤ የእኛ «ፈለግ»። ሦስቱም በአንድ መስመር ላይ ናቸው። «አፋልጉኝ» ደግሞ እንግሊዝኛው የሌለውን ይጨምራል፤ «ብቻዬን አልቻልኩም፣ አብራችሁኝ ፈልጉ» ይላል። ለዚህ ነው «መረጃ ይፈለጋል» የሚለውን የማልመርጥልሽ።

እንግዲህ ሦስቱን እንዲህ መልሻቸው። የመጀመሪያው «ዝርዝሩ ገና አልደረሰም» ይሁን። ሁለተኛው «የውሃ እጦት ጸንቶባቸው ነበር»። ሦስተኛውን «እናቴን አፋልጉኝ» ብለሽ ጀምሪው። ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ስሞች፣ የገዢዎቹን ስም፣ የአውራጃውን ስም፣ እናቲቱ ስትሸጥ ልጁ የነበረበትን ዕድሜ፣ ጋዜጣው እንደጻፈው አንድ በአንድ አስፍሪ። የፊደል ግድፈት ያለበት ስም ካለ አታርሚው፤ እንዳለ ጻፊና ትክክል የሚመስልሽን በግርጌ አኑሪ። የነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም በስም እየፈለጉ ነው፤ የሚፈልጉትም በዚያው በተሳሳተው አጻጻፍ ሊሆን ይችላል።